«ወራጅ አለ» ማለት ያቃተኝ ዓመታት

ከሜክሲኮ ጀሞ የሚሄደውን ሚኒባስ የምትሳፈሩ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሳር ቤትን ያልፋል፣ መካኒሳ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ጀሞ ይቀጥላል። እኔ የምወርደው መካኒሳ ነበር። «ነበር» የምለው ብዙ ቀን ሳልወርድ ስለማልፍ ነው። ሰፈሬ ስንደርስ ሌላ ሰው «ወራጅ አለ» ካለ እሰየው፣ ተከትዬው እወርዳለሁ። ማንም ካላለ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ልቤ ይደልቃል፣ ፊቴ ይግላል፣ መዳፌ ላብ በላብ ይሆናል። ሁለት ቃል እኮ ናት። ድምፄ ቀጥኖ ቢወጣስ? ረዳቱ ሳይሰማኝ ቀርቶ መድገም ቢኖርብኝስ? ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝስ? ይህን ሳሰላስል ታክሲው ያልፋል። ስንት ቀን ጀሞ ድረስ ሄጄ፣ እዚያ ጉዳይ ያለኝ ሰው መስዬ ኮስተር ብዬ ወርጄ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን በዝናብ በእግሬ ነው የተመለስኩት።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዲግሪ አለኝ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ራሴን ችዬ እኖራለሁ። ለራሴ የምሰጠው ማብራሪያም ነበረኝ። «እኔ ኢንትሮቨርት ነኝ» እል ነበር፤ በባሕርዬ ብቻዬን መሆን የሚስማማኝ ሰው ነኝ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፈው ያ ማብራሪያ ስንት ዓመት እንደበላብኝ ስለማውቅ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ቤታችን ሰው አይጠፋበትም። እንግዳ ሲመጣ እኔ ጓዳ ነኝ። «የት ሄደች?» ሲባል እናቴ «እሷ ጨዋ ናት፣ ሰው ፊት አትወጣም» ትላለች፤ ያውም በኩራት። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እስቲ እሷን እዩ፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም» ይላሉ። ወንድሜ እንደኔ ቢሆን ኖሮ «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም ነበር። ለሴት ልጅ ግን ዝምታ ጌጥ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም አላስተዋለም። እኔም ጭምር።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ቡና ማፍላት የእኔ ሥራ ሆነ። መቁላቱን፣ መውቀጡን፣ ጀበናው እስኪፈላ መጠበቁን እወዳለሁ። አሁንም እወዳለሁ። የሚጨንቀኝ መቅዳቱ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ዓይኑ እጄ ላይ ይሆናል። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። አንድ እሑድ አቦሉን ቀድቼ ለእንግዳ ስሰጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። አንዲት እንግዳ «ውይ! እጇ ይንቀጠቀጣል እኮ፣ ፈርታናለች!» ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፣ የፍቅር ሳቅ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኒ ማጠብ እመርጣለሁ እንጂ አልቀዳም። «እህቴ ትቅዳ፣ እኔ አጥባለሁ።» እናቴ ታታሪነቴን አደነቀች። መሸሽ የጀመርኩት ያን እሑድ እንደሆነ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

የእናቴ አባት፣ አባባ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ምሳ ከበሉ በኋላ በረንዳ ላይ ሬዲዮናቸውን ይዘው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሰርግ ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ከዚያ «ጫጫታው ራሴን አዞረኝ» ብለው በጊዜ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ዘመድ ሁሉ «ይቺ ልጅ በአባባ ወጥታ ነው» ይላል። እኔም አምኜ ነበር። አባባን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። ሦስተኛ ዓመት ላይ ፌስቡክ ላይ ስዞር «ኢንትሮቨርት» የሚለውን ቃል አገኘሁት። ደስታዬን አልረሳውም። «ብቻውን መሆን ኃይል የሚሰጠው ሰው» ይላል። እኔ ነኝ! ጨዋታ ላይ ደካማ የሆንኩት፣ ፕረዘንቴሽን ሲኖር ሆዴን አሞኝ የምቀረው፣ ሁሉም ስም አገኘ። ከዚያ በኋላ «ለምን አትመጪም?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ሆነ።

ቃሉ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ነው። ኢንትሮቨርትና ተቃራኒውን ኤክስትሮቨርት (ሰው መሀል መሆን ኃይል የሚሰጠው) የሚሉትን ቃላት በሰው ባሕርይ ጥናት ውስጥ ታዋቂ ያደረጋቸው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ በ1921 እ.ኤ.አ.። የባሕርይ ስም ነው፣ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ሶሻል አንዛይቲ፣ ማለትም ሰው ፊት የመሆን ከባድ ፍርሃት፣ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ «ሶሻል ፎቢያ» ተብሎ ገብቷል። ይሄኛው የሕመም ስም ነው። ደግሞ የሚታከም ሕመም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቃል ወስጄ ሁለተኛውን ሸፈንኩበት። በሽታዬን ባሕርዬ ነው ካልኩ ምን ብዬ ልታከም?

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነገሩ ባሰ። መሥሪያ ቤት ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ አንድ ትሪ ዙሪያ። ሰው እያየኝ እንጀራ ስቆርስ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል። ጉርሻማ አይነሳ። ስለዚህ «ጾም ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ያስኬዳል። ማክሰኞ ቀንስ? ሐሙስስ? አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «አንቺ እኮ ጸሎተኛ ነሽ፣ እኔንም አስቢኝ» ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ስናወራው እንስቃለን። ያኔ ግን በየቀኑ ተርቤ ነው የምውለው።

ስልክ ሲጠራ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ጠርቶ ሲያበቃ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ። ስብሰባ ካለ ደግሞ የምናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰላሳ ጊዜ በልቤ ስለማመዳት ሌላው የሚለውን አልሰማም። ተራዬ ሲደርስ ጉዳዩ አልፏል። ማታ ቤት ገብቼ የተናገርኩትንም ያልተናገርኩትንም እንደ ላም ሳመነዥክ አድራለሁ። «ለምን እንዲያ አልኩ? ምን ብላ ተረዳችኝ ይሆን?»

አንድ ዓመት አለቃዬ ቡድን መሪ እንድሆን ጠየቀኝ። ሥራው ላይ በየወሩ ለኃላፊዎች ሪፖርት ማቅረብ አለበት። «አልፈልግም፣ ባሕርዬ አይደለም» አልኩ። ቦታውን እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ ያዘችው። መልካም፣ አልፈለግኩም አይደል? ታዲያ ያን ቀን ማታ ለምን አለቀስኩ? ሰው ያልፈለገውን ነገር ስላጣ አያለቅስም። ያ ልቅሶ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልሰማሁትም።

ሌላ ስህተቴን ለመጻፍ ትንሽ አፍራለሁ፣ ግን ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። የጓደኛ ሰርግ ነበር። ከመሄዴ በፊት ቤቴ ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጣሁ። ተሳካ! ሳቅኩ፣ አወራሁ፣ ጨፈርኩም። ሰው «ምን ነካሽ ዛሬ?» አለኝ። ለሚቀጥለው ሰርግ ሦስት ብርጭቆ ሆነ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤት ግብዣ። ከዚያ አንድ ተራ ቅዳሜ፣ አክስቴ ቤት ቡና ስጠራ፣ እጄ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድ ደነገጥኩ። አክስቴ ቤት ለቡና! ይህን ያደረገ ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ጫት የሚቅሙለትም አሉ። እናንተም «ካልቀመስኩ ሰው መሀል አልገባም» የሚል ነገር ከጀመራችሁ እባካችሁ በጊዜ ንቁ። መጠጡ ፍርሃቱን አያድነውም። ያለ መጠጥ እንደማትችሉ ያሳምናችኋል እንጂ።

በዚያ መሀል ልቤ ሲደልቅ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ልቤን መረመሩኝ፣ ደህና ነው። ጨጓራ ነው ተብዬ እንክብል ይዤ ተመለስኩ። ስለ ሰው ፍርሃት የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፣ ያ የእኔ ድርሻ ነው። እናቴ ደግሞ ስልክ ላይ ድምፄ ሲከፋባት «ዓይነ ጥላ ነው ልጄ» አለችኝ። «እንዲህ ጎበዝ ልጅ ከሰው እየሸሸሽ፣ ሲሳይሽን እያስመለጠብሽ።» ጠበል ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ሰላም አገኘሁ። በማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣ ማንም ከማንም አያወራም። ለእኔ ዓይነቷ ከዚያ የሚመች ቦታ የለም! ሰኞ መሥሪያ ቤት ስመለስ ግን ፍርሃቱ በር ላይ ይጠብቀኛል። ወደ በኋላ ሕክምና ስጀምር ጠበሉን አልተውኩም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ያለኝም የለም።

የነቃሁት ለቅሶ ላይ ነው። ላይ ማለት እንኳ አይቻልም፣ አልገባሁምና።

የልብ ጓደኛዬ አባት አረፉ። እኚህ ሰው አዲስ አበባ ስገባ ሦስት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ ናቸው። በማግስቱ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። ድንኳኑ መንገድ ዳር ተተክሏል፣ ሰው ጢም ብሏል። ስገባ ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል። ምን ብዬ ነው የምገባው? ማልቀስ አለብኝ? እንባዬ ባይመጣስ? የት ነው የምቀመጠው? ድንኳኑን አልፌ ሄድኩ። ዞሬ መጣሁ። እንደገና አለፍኩ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው አንድ የእድር ሽማግሌ «ልጄ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። «ማንንም» ብዬ ወደ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሦስቱንም ቀን አልተመለስኩም። «አሞኝ ነው» ብዬ ቴክስት ላኩ። ለለቅሶ ቴክስት።

በእኛ አገር ሰርግ ቢቀር ይረሳል። ለቅሶ የቀረ ግን አይረሳም። ጓደኛዬ አርባው ካለፈ በኋላ ደወለች፣ አነሳሁ። የማውቀውን መልስ ሰጠኋት። «ታውቂኛለሽ እኮ፣ እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ ሰው ሲበዛ አልችልም።» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ዝምተኛ ሰው እኮ ለቅሶ ይመጣል» አለች። «መጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያሉኝ አባባ ናቸው። አባባ ሕዝብ አይወዱም፣ ግን አንድም ለቅሶ አልቀሩም። ይገባሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ይወጣሉ። ማንም አይታዘባቸውም። ቢታዘባቸውም ግድ የላቸውም። ቤታቸው ሲመለሱ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ሰላማቸው ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እንኳ ሰላም የለኝም። ክፍሌ ውስጥ ያለሁት ከሰው ሸሽቼ ነው፣ ሰዎቹን ግን በጭንቅላቴ ይዣቸው ገብቻለሁ። በአባባ የወጣሁ መስሎኝ ስኖር ከአባባ ጋር የምንመሳሰለው ከውጭ ብቻ ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ሁለት ሳምንት የፈጀው ስልክ መደወል ስላስፈራኝ ነው፤ የበሽታው ክፋት መድኃኒቱ በር ላይ መቆሙ ነው። በመጨረሻ እህቴ ደወለችልኝ። መደወል ካቃታችሁ ሰው ይደውልላችሁ፣ አያሳፍርም። ወይም በአካል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤልን የሚያክል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። ሄዳችሁ «ልቤ ይመታል» ብቻ አትበሉ። «ሰው ፊት ስሆን ልቤ ይመታል» በሉ። ያቺ «ሰው ፊት ስሆን» የምትለዋ ሐረግ ለእኔ ዓመታት ታስቆጥብልኝ ነበር።

ባለሙያዋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ኢንትሮቨርት እንደሆንኩ በሰፊው አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ማንም እንደማይታዘብሽ እርግጠኛ ብትሆኚ፣ ያ ድንኳን ውስጥ ትገቢ ነበር?»

«እየሮጥኩ» አልኩ። አፌ ቀድሞኝ ነው የመለሰው። አልቅሼ ሳበቃ ሌላ ጠየቁኝ። «ሰርጉ ላይስ? ሰው ባይታዘብሽ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆዪ ነበር?» አሰብኩ። አይ። ሁለት ሰዓት በቂዬ ነው፣ ከዚያ ቤቴ ናፍቆኝ እሄዳለሁ። ሳቁ። «እንግዲህ ሁለት ነገር ነው ያለሽ። አንዱ አንቺ ነሽ። አንዱ ደግሞ የያዘሽ ነገር ነው። የያዘሽን እናስለቅቃለን፣ አንቺን አንነካም።»

ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁት። ግብዣ ቀርታችሁ ቤት ስትሆኑ ምን ይሰማችኋል? እፎይታውን ተከትሎ የሚመጣው መጽሐፍና ሻይ ነው ወይስ ጸጸት? ከሰው ተለይታችሁ ስትመጡ ደክሟችኋል ወይስ ተሸማቃችኋል? ድካም በእንቅልፍ ይለቃል። መሸማቀቅ ግን ሌሊት ይቀሰቅሳል። ደግሞ ፍርሃቱ የሚጀምረው መቼ ነው? እኔ ለዓርብ ስብሰባ መጨነቅ የምጀምረው ሰኞ ነበር። ሐኪሞች እንዲህ ያለው ፍርሃት ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ሥራንና ኑሮን ሲያበላሽ ነው ሕመም የሚሉት። አንድ ቀን ለንግግር ቆማችሁ እግራችሁ ስለተንቀጠቀጠ አትደንግጡ፣ ያ የሁሉም ሰው ነው። ይሉኝታም ሌላ ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው የማይፈልገውን ግብዣ ይሄዳል። እኔ የምፈልገውን ነው የምቀረው።

ሕክምናው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል፤ አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚለውጥ የንግግር ሕክምና ነው። በሳምንት አንዴ፣ ሦስት ወር ያህል። መድኃኒት አልታዘዘልኝም። ለአንዳንዱ ይታዘዛል፣ ለውጡ የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ከታዘዘላችሁ ሐኪሙ ሳያውቅ በድንገት አታቋርጡ፤ ካልታዘዘላችሁ ደግሞ የሌላ ሰው አትዋሱ።

በጣም የጠቀመኝ የመጀመሪያው ነገር «መደበቂያሽን ቁጠሪ» የሚለው ነው። ቆጠርን። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አጠገብ መቀመጥና «መካኒሳ» ብሎ ማንሾካሾክ። ስብሰባ ላይ ስልክ መነካካት። እጄ እንዳይታይ ስኒን በሁለት እጅ መያዝ። የምናገረውን ቀድሞ መሸምደድ። «ጾም ነኝ»። እኔ እነዚህ ያዳኑኝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ፍርሃቱን የሚቀልቡት እነሱ ናቸው አሉ። ሳልዋረድ ስመለስ «ያልተዋረድኩት ስለተደበቅኩ ነው» ብዬ እደመድማለሁ። ስለዚህ ባልደበቅ ምን እንደሚመጣ አንድም ቀን አላየሁም።

ሁለተኛው መሰላል ነው። የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጻፍን። ታች ያለው «ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት»። ላይ ያለው «ወርኃዊ ሪፖርት ማቅረብ»። «ወራጅ አለ» መሀል ላይ ነበር። ከእያንዳንዱ በፊት ምን እንደሚደርስብኝ እጽፋለሁ። «ድምፄ ይቀጥናል፣ ሰው ዞሮ ያየኛል፣ ይስቃሉ።» ከዚያ አደርገዋለሁ። ከዚያ የሆነውን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው የታክሲ ሙከራ ቀን ከሜክሲኮ እስከ መካኒሳ መተንፈሴን እንጃ። «ወራጅ አለ» አልኩ። ድምፄ በእርግጥ ቀጠነ። ረዳቱም አልሰማም። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ ማለት ነው። እንደገና አልኩ፣ አሁን እንደ መጮህ። ታክሲው ቆመ። ወረድኩ። ዞር ብዬ ስመለከት ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው። ማንም፣ አንድም ሰው፣ እኔን አላየም። ደብተሬ ላይ «ማንም ግድ የለውም» ብዬ ጻፍኩና በጥቂቱ ከፋኝም፤ ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነበር የምተውነው?

ሦስተኛው ትኩረትን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ሰው ፊት ስሆን ዓይኔ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፤ እጄን፣ ፊቴን፣ ድምፄን እከታተላለሁ። የተማርኩት ሰውየውን መከታተል ነው። የሸሚዙ ቀለም ምንድን ነው? ምን እያለ ነው? መጀመሪያ ይቸግራል፣ ቆይቶ ይለመዳል። እንግዳ ፊት ቡና ስቀዳ ስኒውን ትቼ እንግዳዋን ማየት ጀመርኩ። እጄ አሁንም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። ቡናው ግን ይቀዳል።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በስድስተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተናግሬ መሀል ላይ ቃል ጠፋኝ፣ ዝም አልኩ፣ ሰው ሁሉ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ ቀረሁ። ባለሙያዋ ደውለው «ያን ቀን ስብሰባው ላይ ያልሽውን ማን ያስታውሳል? ጠይቂ» አሉኝ። አንዷን ባልደረባዬን ጠየቅኳት። «የቱ ስብሰባ?» አለችኝ።

አንድ ስህተት ደግሞ ከዳንኩ በኋላ ሠራሁ። መፍራቴ ሲቀንስ ጊዜ ተጫዋች መሆን ያለብኝ መሰለኝ። ማኅበር ገባሁ፣ የተጠራሁበት ሁሉ ተገኘሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቴን አላይም። በሁለት ወር ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ሳይ የምበሳጭ ሆንኩ። ፍርሃቱ ተመለሰ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ባለሙያዋ «እስቲ ልብሽ ይመታል?» አሉ። አይመታም። «ይታዘቡኛል ትያለሽ?» አልልም። «ታዲያ ደክሞሻል እንጂ ምን ሆነሻል? ቤትሽ ሄደሽ ተኚ» ብለው ሸኙኝ። ለዚህ ምክር መክፈሌ ትንሽ ቆጭቶኛል። ግን ያን ቀን ነው ሁለቱን በሰውነቴ የለየኋቸው። አሁን አንድ ግብዣ ስቀር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ስለማልፈልግ ነው ወይስ ስለምፈራ? ካልፈለግኩ ያለ ውሸት «አልመጣም» እላለሁ። ከፈራሁ እሄዳለሁ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን እቀመጣለሁ።

ልጆች ያላችሁ፣ ይህ ነገር ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው የሚጀምረው። ዝም ያለች ልጅ ሁሉ አልታመመችም። ብቻዋን እየሣለች የምትደሰት ከሆነ ተዉአት። ልደት ላይ መሄድ እየፈለገች በር ላይ ስትደርስ ሆዷን የሚያማት ከሆነ ግን «ጨዋ ናት» ብላችሁ አትለፏት። «ተናገሪ እንጂ!» ብላችሁ ሰው ፊት አትግፏትም። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትፈራ ጠይቋት። እጇ ቢንቀጠቀጥ አትሳቁ፣ በፍቅርም ቢሆን።

ጓደኛዬ ቤት የሄድኩት ከስንት ወር በኋላ ነው። ስለ ድንኳኑ፣ ሦስት ጊዜ ስለመዞሬ ነገርኳት። «እዚያ ድረስ መጥተሽ ነበር?» አለች። አላወቀችም ነበር። ያስቀየማት አለመምጣቴ ብቻ ነበርና ያን ቀን ተቃቅፈን አለቀስን። የአባቷን ለቅሶ ዘግይቼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር ከሜክሲኮ ስመለስ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። መካኒሳ ስንቃረብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እዚህ ነው የሚወርዱት?» አለችኝ። ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። የራሴ ብልሃት ናት። አሁን ቤት ቀይሬ ጀሞ ነው የምኖረው። «አይ፣ እኔ ጀሞ ነኝ» አልኳት። «ወራጅ አለ» ልልላት ፈልጌ ነበር፣ ግን ዝም አልኩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቦርሳዋን ጨብጣለች። «ወራጅ…» አለች፣ ለእኔ እንኳ በጭንቅ ነው የተሰማኝ። ታክሲው እየሄደ ነው።

«ረዳቱ አልሰማሽም» አልኳት። «ድገሚው።»

ደገመችው።